ሃያ ሦስቱ የክኒን ብልቃጦቼ

አምቦ ውስጥ የቆመ ሰዓት ይዞ ወደ እኔ ሱቅ ያልመጣ ሰው ካለ፣ ከመጀመሪያውም ሰዓት ያልነበረው ሰው ነው። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ ከተማው ራሱ ይመስክር። ትምህርት ቤት የቆየሁት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ከዚያ በኋላ ማንም አላስተማረኝም። ሰዓት መፍታት የተማርኩት የራሴን ሰዓት አበላሽቼ ነው፤ ሬዲዮ መጠገን የተማርኩት የሰው ሬዲዮ አበላሽቼ ነው። እንግሊዝኛ ማንበብ የተማርኩት ደግሞ ከመድኃኒት ካርቶን ውስጥ ተጣጥፎ ከሚወጣው ቀጭን ወረቀት ነው። ስኳር በሽታ ከያዘኝ ጀምሮ መዝገበ ቃላት አጠገቤ አስቀምጬ፣ አንዱን መስመር ሦስት ቀን እየፈጀሁበት፣ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። አንድ ቀን ለሐኪሜ ስለጻፈችልኝ መድኃኒት ሁለት ጥያቄ ባቀርብላት፣ ብዕሯን አስቀምጣ አየችኝና፣

"አባባ፣ የት ነው የተማሩት?" አለችኝ።

"ቤቴ" አልኳት።

ይህ ወሬ በሰፈር ተዳረሰ። "ኦቦ ዶክተር" የሚል ስም ወጣልኝ። መጀመሪያ ለቀልድ ነበር፤ በኋላ ግን ቀልዱ ቀረና ስሙ ብቻ ተረፈ። ሰው ከጤና ጣቢያ ሲመለስ በእኔ ደጅ ያልፋል። "ይሄ ለምንድን ነው? ከምግብ በፊት ነው በኋላ?" ይለኛል፤ አነብለታለሁ። ከዚያ ደግሞ ሌላ ነገር ተጀመረ። ሰው ሲድን የተረፈውን ክኒን ለእኔ ያመጣል። ሰው ሲሞትም፣ ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ ቤተሰቡ የሟቹን መድኃኒት በፌስታል አንጠልጥሎ ይመጣል። የሞተ ሰው መድኃኒት ቤት ውስጥ ማስቀመጥ ይከብዳቸዋል፤ መጣሉ ደግሞ ኃጢአት ይመስላቸዋል። እኔ እቀበላለሁ። የቸገረው ሲመጣ እሰጣለሁ።

ሱቄን የዘጋሁት ሰው ሁሉ ሰዓቱን ከስልኩ ላይ ማየት ሲጀምር ነው። እቃዬን ሰብስቤ ወደ ቤት ስገባ፣ ለሠላሳ ዓመት ብሎንና ስፕሪንግ ያስቀመጥኩባቸው የማርማላታ ብልቃጦች አብረውኝ ገቡ። ሃያ ሦስት ናቸው። በሳሎኑ መደርደሪያ ላይ ባዶአቸውን ተሰልፈው ሳያቸው እጄ አላርፍ አለኝ። እኔ ባዶ ብልቃጥ አይቼ ዝም የምል ሰው አይደለሁም።

በሰዓት ሥራ አንድ ደንብ አለ። ትንንሽ እቃ ከመጣበት ፓኬት ወጥቶ፣ ከዓይነቱ ጋር፣ በሚታይ ብርጭቆ ውስጥ ይቀመጣል። ፓኬት ቦታ ይፈጃል፤ ሲፈለግም ያዘገያል። ይህ ደንብ ሠላሳ ዓመት አላሳፈረኝም። ስለዚህ ክኒኖቹንም ከካርቶናቸው አወጣኋቸው፤ ከተሰኩበት ላስቲክም አንድ በአንድ ፈለቀቅኳቸው፤ ለራስ ምታቱን ከራስ ምታት ጋር፣ ለጨጓራውን ከጨጓራ ጋር በየብልቃጡ ከተትኩ። ካርቶኖቹን ጣልኩ። በነጭ ፕላስተር ላይ በጥሩ የእጅ ጽሕፈቴ "ለሳል"፣ "ለስኳር"፣ "ለግፊት" እያልኩ ጻፍኩ። እንዲህ ያለ መደርደሪያ ትልቅ ፋርማሲ ውስጥም አይገኝም እያልኩ ለመጣ እንግዳ ሁሉ አሳይ ነበር።

ባለቤቴ ግን አልወደደችውም። እሷ ግፊት አለባት፤ በየጠዋቱ አንድ ክኒን ትወስዳለች። ማንበብ የተማረችው በቤተ ክርስቲያኗ፣ በኦሮምኛ፣ በቁቤ ነው። መጽሐፍ ቅዱሷን እንደ ውሃ ታነበዋለች፤ የአማርኛ ፊደል ግን አታውቅም። የእሷን ብልቃጥ የምታውቀው በቀይ ክዳኑ ነበር።

"እኔ ቀዩን ነው የማውቀው። አትነካካብኝ" ብላኛለች። አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም የነገረችኝ።

ኮሮናው ጋብ ካለ በኋላ በነበረው ኅዳር፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ አቧራ አስጠልቶኝ ብልቃጦቹን ሁሉ አወረድኩ። ክዳኖቹን አንድ ላይ በሳሙና ውሃ አጠብኩ። ብልቃጦቹንም በሀ ሁ ተራ እንደገና ደረደርኳቸው። ክዳኖቹ ሁሉም በሁሉም ላይ ይገጥማሉ፤ የደረቀውን ከፊት ከፊት እያነሳሁ ከደንኩ። የራሴን የስኳር ክኒን ቆጠርኩ፤ ሃያ ስምንት ነበር። ሁልጊዜ እቆጥራለሁ። ሰዓት ሠሪ ያልቆጠረውን እቃ አይከድንም።

ቅዳሜ ጠዋት ባለቤቴ በማለዳ ተነስታ ጊንጪ ወዳለችው እህቷ ሄደች። እዚያ ባለው አዳራሽ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚዘልቅ የጾም ጸሎት ነበራቸው። እኔ ተነስቼ ቁርሴን በላሁና የስኳር ክኒኔን ለመውሰድ ወደ መደርደሪያው ሄድኩ። "ለስኳር" የሚለው ብልቃጥ ከሌሎቹ ትንሽ ወጣ ብሎ ቆሟል። ክዳኑ ቀይ ነው።

እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ ክኒኖቹን በሳህን ላይ ደፋሁና በሰዓት ወረንጦዬ ቆጠርኳቸው። ሃያ ሰባት። እንደገና ቆጠርኩ። ሃያ ሰባት። "ለግፊት" የሚለውን ከፈትኩ። ከእሱ ምንም አልጎደለም።

ሁለቱም ነጭ ናቸው፤ ሁለቱም ትንንሽ ናቸው።

ያንን ቀጭን ወረቀት በቃሌ ነው የማውቀው። ይህን ክኒን የወሰደ ሰው መብላት አለበት፤ ካልበላ ስኳሩ ይወርዳል፤ ያልበዋል፤ ይንቀጠቀጣል፤ ይቀባዥራል፤ ከዚያም ይወድቃል። እሷ የስኳር በሽተኛ አይደለችም። ያውም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ላትቀምስ ሄዳለች። ሰዓቱ ሁለት ተኩል ሊሆን ነው።

ደወልኩ። ስልኳ ተዘግቷል። እህቷ ጋ ደወልኩ፤ የእሷም ተዘግቷል። ለጸሎት ሲገቡ ይዘጋሉ። ስኳር በላስቲክ ቋጥሬ፣ ኮቴን ትከሻዬ ላይ ጥዬ ወደ መናኸሪያው ሮጥኩ። በእኔ ዕድሜ የሮጠ ሰው አምቦ ብዙ አላየችም፤ መንገድ ላይ የነበሩት ቆመው ያዩኝ ነበር።

የጊንጪው ሚኒባስ ሁለት ሰው ቀርቶት ቆሟል። ሾፌሩ ክርኑን በመስኮት አውጥቶ ጥርሱን በመፋቂያ ይፍቃል።

"እንሂድ" አልኩት።

"ሁለት ሰው ይቀረናል አባባ።"

"ሁለቱ ሰው እኔ ነኝ።"

"እርስዎማ አንድ ነዎት። ያውም ቀጭን!"

ተሳፋሪው ሳቀ። "የሦስት ሰው እከፍላለሁ አልኩህ፣ ንዳ!" ብዬ ጮህኩበትና ገባሁ። ተነሳን። ግን ከከተማው ሳንወጣ ቆመ፤ አንድ ሰው ማዳበሪያ ከረጢት ጫነ። ትንሽ ሄዶ ደግሞ ቆመ። እኔ እግሬን አነሳለሁ፣ እጥላለሁ። ስልክ እሞክራለሁ፣ ዝግ ነው። ሰዓቴን አያለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ሰዓት ያስተካከልኩ ሰው፣ ያን ቀን የደቂቃው ዘንግ እንዲህ ፈጣን መሆኑን አዲስ ነገር ያየሁ ያህል አፍጥጬ አየሁት።

አጠገቤ የተቀመጠች ቅርጫት ያቀፈች ሴት ታዘበችኝ። "ምን ሆነዋል ኦቦ? ወንበሩ ይወጋል እንዴ?"

ነገርኳት። ሁሉንም፣ ክዳኑን ሳይቀር ነገርኳት። ሳቋ ፊቷ ላይ ደረቀ። ሾፌሩ በዚህ መሃል ለሦስተኛ ጊዜ ሊቆም ዳር ሲይዝ፣ ሴትዮዋ ብድግ አለች።

"አንተ! የሰው ሚስት ልትሞት ነው፣ አንተ ከረጢት ትለቅማለህ? ንዳው!"

ከዚያ በኋላ አልቆመም። በግራ በቀኝ ጤፍ የሚያጭዱ ሰዎች ነበሩ፤ ቀና ብለው ሲያዩን ወዲያው ወደ ኋላ ይቀራሉ።

አዳራሹ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ገባ ያለ፣ ጣሪያውም ግድግዳውም ቆርቆሮ የሆነ ቤት ነው። ከሩቅ የጸሎቱ ድምፅ ይሰማል። በሩን ገፍቼ ስገባ ከፊት ለፊት ሴቶች ክብ ሠርተው፣ እጃቸውን ወደ መሃል ዘርግተው ይጸልያሉ። በትከሻቸው መሃል አጮልቄ አየሁ። ሚስቴ ነች። ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች። ሻሿ በላብ ርሶ ግንባሯ ላይ ተጣብቋል። እጇ ይንቀጠቀጣል። በኦሮምኛ ጥጆቹን ማን እንዳሰረ ትጠይቃለች። ጥጃ ካየች ሠላሳ ዓመት አልፏታል፤ የአባቷን ቤት ጥጆች ነው የምትጠይቀው።

"መንፈስ ነክቷታል፣ አትንኳት" ትላለች አንዷ።

"የለም፣ ሌላ ነገር ነው፤ አጥብቃችሁ ጸልዩ" ትላለች ሌላዋ።

"አቁሙ!" አልኩ። "መንፈስም ሌላ ነገርም አይደለም፤ የኔ ክኒን ነው!"

ሴቶቹን በክርኔ ገፍቼ ገባሁ። ስኳሩን ከአንዷ የውሃ ኮዳ ውስጥ ጨምሬ ነቀነቅኩና ወደ አፏ አስጠጋሁ። ከንፈሯን ገጠመች።

"ጾም ላይ ነኝ" አለች። ያለችበትን የረሳች ሴት ጾሟን አልረሳችም።

"ጠጪ፣ እለምንሻለሁ።"

"ተስያለሁ" አለችና ፊቷን አዞረች።

ሕይወቷ በዚያ ኮዳ አፍ ላይ ነበር። የእኔ እንግሊዝኛ፣ የእኔ ወረንጦ፣ የእኔ ሃያ ሦስት ብልቃጥ ከንፈሯን ሊያስከፍት አልቻለም። ያን ጊዜ ፓስተሩ መጣ። ሸምገል ያለ፣ እጅጌውን የሰበሰበ ሰው ነው። አንድ ጊዜ እሷን አየ፣ አንድ ጊዜ እኔን አየ። አልጠየቀኝም። አጠገቧ ተንበረከከና፣

"እህቴ፣ ጌታ ጾምሽን ተቀብሏል። አሁን ጠጪ" አላት። ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞሮ፣ "እናንተ ጸሎታችሁን አታቋርጡ። ስኳር ያላችሁ ደግሞ ጨምሩ" አለ።

ጠጣች። መጀመሪያ ጥቂት፣ ቀጥሎ ኮዳውን ጨረሰችው። ጥቂት ቆይታ ዓይኗ ተመልሶ እኔ ላይ አረፈ። "አንተ ደግሞ እዚህ ምን ታደርጋለህ?" አለችኝ። እንደዚያ አቀባበል ደስ ያሰኘኝ ነገር የለም።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ዳነች ብሎ ወደ ቤት ይወስዳት ነበር። እኔ ግን ወረቀቱን አንብቤያለሁ፤ የዚህ ክኒን ሥራ ቶሎ እንደማያልቅ አውቃለሁ። በባጃጅ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድናት፤ እህቷም አብራን መጣች። የጤና መኮንኑ ጣቷን ወግቶ ስኳሯን ለካ፣ ፊቱን አጠቆረና ወዲያው ግሉኮስ ሰቀለላት። የወሰደችውን ክኒን ስም ነገርኩት።

"ማነው ይህን መድኃኒት ያዘዘላት?" አለ።

እህቷ አየችኝ።

"እኔ ነኝ። ማለቴ አላዘዝኩም። ክዳን አለዋወጥኩ።"

"ሐኪም ነዎት?"

"ሰዓት ሠሪ ነኝ።"

"አባቴ፣ ሰዓት ቢቆም ፈትተው ያስነሱታል" አለኝ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። "ስኳሯ ተመልሶ ሊወርድ ይችላል። እስከ ነገ አትሄድም።"

ያንን ቀን ሁሉ ኮሪደሩ ላይ ተመላለስኩ። ገብቼ ላቧን እነካለሁ፣ እወጣለሁ። ጣቷን ሊለኩ በመጡ ቁጥር ቁጥሩን ከነርሷ በላይ ሆኜ አነባለሁ። የሚስቴ እህት በመጨረሻ፣ "ተቀመጥ እንጂ ሰውዬ፣ ወለሉን ጨረስከው!" አለችኝ። ተቀመጥኩና ተመልሼ ተነሳሁ።

ወደ ማታ ላይ ሚስቴ ትራሷን ከፍ አስደረገችና ጠራችኝ።

"የጾምኩት ለምን እንደሆነ ታውቃለህ?"

"ለስኳሬ?"

"ስኳርህማ ሐኪም አለው። ይህን ዶክተርነትህን እንድትተው ነው የጾምኩት። የጸሎት ርዕስ አድርጌ በወረቀት ጽፌ ሁሉ ለአዳራሹ ሰጥቻለሁ።" የተሰቀለውን ግሉኮስ ቀና ብላ አየች። "በዚህ መንገድ ይመለሳል ብዬ ግን አልጠበቅኩም።"

እህቷ በሻሿ አፏን ይዛ ሳቀች።

በማግስቱ ቤት እንደገባን ሚስቴ ሳታርፍ ብልቃጦቹን ሁሉ አስወረደችኝ። ጠረጴዛው ላይ ደርድራ አንድ በአንድ እየከፈተች በጣቷ ታሳየኛለች።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"የራስ ምታት።"

"አጠገቡ ያለው ነጩስ?"

"እሱም... ከሱ ጋር የመጣ ነው።"

"የማን ነበር? መቼ መጣ?"

ይህን የሚነግረኝ ካርቶኑ ነበር፤ ካርቶኑን ጥዬዋለሁ። ሃያ ሦስቱን ስንጨርስ ከዘጠኙ ውስጥ ያለውን በእርግጠኝነት ልናገር አልቻልኩም። ስፕሪንግ ቢሆን ኖሮ ለክቼ አውቀው ነበር። ክኒን ግን ሲለኩት አይናገርም። ያንን ሁሉ ጊዜ ለሰው ሳድል ማንም ሳይሞት መቅረቱ፣ አሁንም ቁጭ ባልኩበት ያስነሳኛል።

በዚህ መሃል አንዲት ጎረቤታችን በሩን ቆረቆረች። እንደ ልማዷ ለሳል ካፕሱል ፈልጋ ነው።

"የለም፤ ጤና ጣቢያ ሂጂ" አልኳት።

"ያው ጠረጴዛው ሞልቶ የለ እንዴ ኦቦ ዶክተር?"

"ዘግቻለሁ።"

"ለባለቤትዎ የሰውን መድኃኒት ሰጥተው ለኔ የራሴን ይከለክሉኛል? አምና እኮ ያመጣሁት እኔ ነኝ!"

ወሬው ከእኛ ቀድሞ አምቦ ገብቷል ማለት ነው። ተቆጥታ ሄደች። አልመለስኳትም።

የሚቀረው መጣል ነበር። ሁሉቃ ወንዝ ልደፋው ተነሳሁ። ሚስቴ፣ "ታች ከብት ይጠጣል፣ ሰው ይታጠባል" አለች። ሽንት ቤት ልጨምረው አሰብኩ፤ ከዚህ በፊት የቆየ ሽሮፕ ደፍቼበት አውቃለሁ። "የጉድጓድ ውሃችን ከሱ ስንት እርምጃ ነው?" አለች። ጓሮ ላቃጥለው ክብሪት አነሳሁ። ጭሱን ማን ሊያሸተው እንደሆነ ጠየቀችኝ። ስለዚህ ሃያ ሦስቱንም በካርቶን ይዤ አምቦ ጤና ጣቢያ ፋርማሲ መስኮት ላይ ቆምኩ።

ፋርማሲስቷ አንዱን ብልቃጥ ወደ ብርሃን አነሳችና፣ "በጣም ያምራል፣ አባባ" አለች። ቀጥላም "የሚያበቃበት ጊዜስ?" አለችኝ።

"ካርቶኑ ላይ ነበር።"

"ካርቶኑስ?"

ሳልኩ። እሷም ገባት። በስተኋላ ወዳለው ክፍል ገብታ ጊዜ ካለፈባቸው የጤና ጣቢያው መድኃኒቶች ጋር አብሮ እንዲወገድ አስቀመጠችው፤ ለዚያ የተሠራ ማቃጠያ አላቸው። ከዚያ ቆማ አስረዳችኝ። መድኃኒት ከመጣበት እሽግ አይወጣም። የአንዱ ከሌላው አይቀላቀልም። ምድጃ አጠገብም፣ ፀሐይ የሚያገኘው መስኮት ላይም አይቀመጥም፤ ልጅም የማይደርስበት፣ የሚቆለፍ ቦታ ይፈልጋል። የተረፈ ነገር እሷ ጋ ይምጣ። መምጣት ካልተቻለ ደግሞ ሳይደቅቅ ከአመድና ከእርጥብ የሻይ ቅጠል ጋር ተለውሶ፣ ክዳኑ በሚጠብቅ ቆርቆሮ ታሽጎ፣ ከቆሻሻው ጋር ይወጣል፤ ማንም ለቅሞ እንዳይውጠው። አንድም ቃል አላመለጠኝም። ስትጨርስ መልሼ አነበነብኩላት። "ጎበዝ ተማሪ ነዎት" አለችኝ። ተማሪ ተብዬ ስጠራ ከአራተኛ ክፍል ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር።

እነሆ ከዚያ ወዲህ የሠራሁት፦

አንድ፣ ከትልቅ የድሮ ሬዲዮ ሣጥን ቁልፍ ያለው የመድኃኒት ሣጥን ሠራሁ። እንዲህ ያለ ሣጥን በአምቦ ሌላ የለም። መሃሉ በጣውላ የተከፈለ ነው፤ ግራው የእሷ፣ ቀኙ የእኔ።

ሁለት፣ በእሷ በኩል ራሷ በቁቤ ጻፈችበት። የእኔ ጽሕፈት ይበልጥ ያምራል፤ ቢሆንም አልነካሁትም።

ሦስት፣ በእድራችን ስብሰባ ተነስቼ፣ ክዳኑን ሳልደብቅ ሁሉንም ተናገርኩ። አሁን ለቅሶ ሲያበቃ የሟች መድኃኒት ወደ እኔ አይመጣም፤ ከሟቹ ቤት አንድ ሰው ተመርጦ ፋርማሲ ያደርሰዋል። ይህን ሥርዓት ያመጣሁት እኔ ነኝ።

አራት፣ ያቺ የተቆጣችው ጎረቤቴ ጤና ጣቢያ ሄደች። ሳሉ የሳንባ ምች ሆኖ ተገኘ፤ ታክማ ዳነች። አላመሰገነችኝም፤ ግድ የለም።

አምስት፣ ፋርማሲስቷ ባዶአቸውን የመለሰችልኝ ብልቃጦች ታጥበው ብሎን ይዘዋል።

ስድስት፣ በየጠዋቱ ሚስቴ ክኒኗን ከእሽጉ ስታወጣ ቆሜ አያለሁ። እሷም የእኔን ታያለች። "ቁጠር" ትለኛለች፤ እቆጥራለሁ። ከወጣች በኋላ ቁልፉን ሁለት ጊዜ ተነስቼ እነካዋለሁ፤ አንዳንድ ቀን ሦስት ጊዜ። ጸሎት ላይም ብትሆን ስልኳን እንዳትዘጋ አስምያታለሁ፤ ስደውልላት፣ "አለሁ፣ በልቻለሁ፣ ዝጋው" ትለኛለች።